የመስኮብ ሽቺ፤ ከሥጋና ከኰመጠጠ ጐመን የሚሠራ ወጥ

ጐመን በሥጋን የማያውቅ ከመካከላችሁ አይገኝም። በክረምት ወራት ዝናሙ ጣራውን ሲመታ፣ ፍሪምባው ከጐመኑ ጋራ በስሎ በትኵስ እንጀራ ሲቀርብ፣ ሰውነትን እንዴት እንደሚያሞቅ ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምናቀርበው ግን የዚሁ የጐመን በሥጋ የሩቅ ዘመድ የሆነውን፣ የቀድሞ ሰዎች መስኮብ ይሉት በነበረው በሩስያ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲበላ የኖረውን፣ ሽቺ የተባለውን ወጥ ነው። የምንጽፈውም ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤታችን ሁለት ጊዜ አበላሽተን በሦስተኛው ያቀናነው ስለ ሆነ፣ የተበላሸበትን ምክንያት ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። አንድ አጎታችን በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ ብዙ የኢትዮጵያ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሄዱ በነበረበት ጊዜ፣ ያን ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው፣ ከ1991 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ ግን ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ ሳንክት ፔተርቡርግ በተመለሰችው ከተማ ስድስት ዓመት ተቀምጠው ምሕንድስና ተምረዋል። ከተመለሱም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገራቸውን አገልግለዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን የምግብ ፍላጎታቸው ፈጽሞ ጠፋ። ሐኪም መረመራቸው፤ ይህ ነው የሚባል በሽታ አልተገኘባቸውም። ልጆቻቸው ቢለምኗቸው «ጠግቤአለሁ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም። ልብሳቸው በላያቸው ላይ ሰፋ፤ ቀለበታቸውም ከጣታቸው እየወለቀ ሲያስቸግራቸው አውልቀው በሣጥን አኖሩት።

በጥር ወር እኛ ቤት መጥተው እንዲቀመጡ አደረግን። ዓቢይ ጾም ሊገባ አራት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። እርሳቸው ጾምን ሳያጐድሉ የሚጾሙ ሰው ስለ ሆኑ፣ በዚያ በከሳ ሰውነታቸው 55ቱን ቀን እንዴት ይወጡታል የሚለው ሐሳብ ሁላችንንም አስጨንቆን ነበር። ጾሙን ይተዉ ብሎ ደፍሮ የሚነግራቸው ደግሞ ከእኛ መካከል ማንም የለም። አንድ ማታ እንደ ልማዳቸው ሁለት ጕርሻ ወስደው እጃቸውን ሲሰበስቡ የቤታችን እመቤት «ጋሼ፣ ምን ቢሠራልዎ ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «በተማሪዎች ምግብ ቤት አንዲት ወፍራም አሮጊት የምትቀዳልን ሽቺ ነበረ» አሉና ፈገግ አሉ። ከስንት ወር በኋላ የምግብ ስም ከአፋቸው ሲወጣ የሰማነው ያን ማታ ነው።

እንግዲህ ሽቺ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ሽቺ ማለት ዋና ነገሩ ጐመን የሆነ፣ ቅመሙ ጥቂት፣ ጣዕሙ ኰምጠጥ ያለ ወፍራም መረቅ ነው። ባለጠጋው በሰባ ሥጋ፣ ድኻው በጐመንና በሽንኵርት ብቻ ይሠራዋል፤ ስሙ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በጸደይ ወራት ጐመን ሲያልቅ ሳማና ኰምጣጣ የዱር ቅጠል ለቅመው አረንጓዴ ሽቺ ይሠራሉ፤ በበጋ ከአዲስ ጥቅል ጐመን፣ በክረምት ደግሞ በጨው ከኰመጠጠ ጐመን ያዘጋጁታል። ዬሌና ሞሎሖቬትስ የተባለችው ሴት በ1861 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ለወጣት የቤት እመቤቶች ባሳተመችው በታወቀው የምግብ መጽሐፍ ውስጥም የሽቺ ዐይነት አንድ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር በክረምት መንገድ የሚሄድ ሰው ሽቺውን በውጭ ብርድ አርግቶ እንደ ድንጋይ ካጠነከረው በኋላ በበረዶ መኪያጃው ላይ ጭኖ ይሄድ ነበር፤ ማደሪያ ሲደርስ በመጥረቢያ ይፈልጥና በድስት ያሞቀዋል። በመጥረቢያ የሚፈለጥ ወጥ መኖሩን ስንሰማ እኛም እንደ እናንተ ሥቀናል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ወጥ ቤታችን ጥሩ ጥቅል ጐመን ገዝታ ከሥጋው ጋራ ቀቀለችና፣ ኰምጣጣ ይሁን ስለ ተባለች መጨረሻ ላይ ኮምጣጤ ጨመረችበት። አጎታችን ማንኪያቸውን አንሥተው ቀመሱ፤ «እጃችሁ ይባረክ፤ መልካም ነው» አሉ፤ ማንኪያውንም አስቀመጡት። ቈይተው ግን ለቤታችን እመቤት በቀስታ «ልጄ፣ ይህ ሽቺ አይደለም፤ ሰላጣ የወደቀበት መረቅ ነው» አሏት። እውነታቸውን ነው። የኮምጣጤ ኰምጣጣነት ምላስን ይወጋል እንጂ ወደ ሥጋውና ወደ ጐመኑ ገብቶ አይዋሐድም። ጐመኑ ራሱ መብላላት አለበት። እንጀራ ከሊጥ ሳይቦካ ሎሚ ጨምቀውበት ቢጋግሩት ምን እንደሚሆን አስቡት!

ጐመን የማኰምጠጡ ሥራ ደግሞ ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። በሩስያ አገር ይህ ሥራ የሚጀመረው በበልግ ነው፤ በድሮ ልማዳቸው ከመስቀል በዓላቸው ጀምሮ ሴቶችና ልጃገረዶች በየቤቱ ተሰብስበው፣ እየዘፈኑና እየተጫወቱ፣ የክረምቱን ጐመን በአንድነት ይከትፉ ነበር። ያ በዓላቸው ዛሬ በኤውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 27 ቀን ይውላል፤ ይኸውም በአብዛኛው ዓመት ከእኛ መስከረም 17 ጋራ አንድ ቀን ነው። እኛ ደመራ ደምረን በምናከብርበት ቀን እነርሱ ለጐመን ከተፋ ቢላዋ ይስሉ ነበር ማለት ነው።

የምታኰመጥጡት እንዲህ ነው። ጠንካራና ነጭ የሆነውን ጥቅል ጐመን ምረጡ፤ የላይኛውን ቅጠል ገፍፋችሁ እንደ ክር አድርጋችሁ ክተፉት። ለአንድ ኪሎ ጐመን ከ20 እስከ 25 ግራም ጨው ያስፈልጋል፤ እኛ 3 ኪሎ ከትፈን 70 ግራም ጨው አደረግንበት። ከዚያ በንጹሕ እጅ ውሃው እስኪወጣ ድረስ ማሸት ነው። ጥቂት የተከተፈ ካሮት ቢጨመርበት መልካም ነው። በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እየጠቀጠቃችሁ አስቀምጡ፤ የአሉሚኒየም ዕቃ ግን አይሆንም፤ ጨውና ኰምጣጣ ብረቱን ይበላዋል፣ ጐመኑም የብረት ጣዕም ያመጣል። በላዩ ሳሕን ገልብጡና ታጥቦ የተቀቀለ ድንጋይ ጫኑበት፤ ጐመኑ ዘወትር ከገዛ ውሃው በታች መሆን አለበት፤ ነፋስ ያገኘው ክፍል ይሻግታልና። ዕቃውን በጥብቅ አትክደኑ፤ ሲብላላ አየር ያወጣል። በየቀኑ በንጹሕ የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ድረስ መውጋት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ መራራ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም፤ በሦስተኛው አረፋ ይወጣል፣ ሽታውም ደስ አያሰኝም፤ ወጥ ቤታችን ተበላሽቷል ብላ ልትደፋው ስትል ነው የደረስንባት። በስምንተኛው ቀን ግን ሽታው ጠርቶ፣ ጐመኑ በጥርስ ሲነከስ የሚንኰሻኰሽ፣ ኰምጣጣውም የለዘበ ሆኖ አገኘነው። የሚያኰመጥጠው እርሾ ከውጭ የሚገባ አይደለም፤ በጐመኑ ቅጠል ላይ ያሉ በዐይን የማይታዩ ሕዋሳት የጐመኑን ስኳር ወደ ኰምጣጣነት ይለውጡታል። ጨው ክፉዎቹን ሕዋሳት ያስቀራል፣ መልካሞቹን ያሳልፋል። እንዲህ የተዘጋጀ ጐመን ሲ የተባለውን ቪታሚን ስለሚይዝ፣ እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1768 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ለጀመረው ረዥም ጕዞ መርከበኞቹ ድድ የሚያደማው በሽታ እንዳይዛቸው በበርሜል አስጭኖት ነበር።

ሁለተኛውን ሙከራ በዚህ ጐመን አደረግን። ነገር ግን በችኰላ ሥጋውንም፣ ጐመኑንም፣ ድንቹንም በአንድነት በድስት ጨምረን ጣድነው። ሁለት ሰዓት ቢፈላም ድንቹ እንደ ጠጠር ነበረ። ወጥ ቤታችን «ድንቹ መጥፎ ዘር ነው» ብላ ነጋዴውን ረገመች፤ ነጋዴው ግን በደል የለበትም። አትክልትን አያይዞ የሚይዘው ፔክቲን የተባለው ነገር በኰምጣጣ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ድንች ከኰምጣጣው አስቀድሞ ካልበሰለ፣ ኋላ ቢቀቅሉት እንደ ደረቀ ይቀራል። የጥንቱ ሽቺ እንዲያውም ድንች አልነበረውም፤ በሩስያ የድንች እርሻ በአዋጅ የተስፋፋው ከ1765 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በዳግማዊት ካትሪን ዘመን ነው፤ ቀድሞ መረቁን የሚያወፍሩት በጥቂት ዱቄት ነበር። ሥጋውም ቢሆን አልራሰም።

የሆነው ሆኖ አጎታችን ክዳኑ ሲነሣ ቀና አሉ። «ሽታው እርሱ ነው» አሉ። አምስት ማንኪያ መረቅ ጠጡ፤ እኛም እየቈጠርን እንደ ነበረ አላወቁብንም። ከዚያም እንዲህ አሉ፤ «አሮጊቷ ዛሬ የበሰለውን ዛሬ አትቀዳልንም ነበር፤ ‘ሽቺ ማደር አለበት’ ትለን ነበር።» ይህን አንድ ቃል ከመጀመሪያው ነግረውን ቢሆን ኖሮ ስንት ድካም በቀረልን!

ማደር አለበት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ የመስኮብን ምድጃ ማሰብ ያሻል። ምድጃቸው ከጡብ የተሠራ፣ የቤቱን አንድ ማእዘን የሚይዝ፣ በክረምት ሌሊት በላዩ የሚተኙበት ትልቅ ነገር ነው። ጧት በእንጨት ያነዱታል፤ ፍሙንም ወደ ጐን ይገፉና ማሰሮውን በጋለው ጡብ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ በኋላ እሳት የለም፤ ያለው እየቀነሰ የሚሄድ ሙቀት ብቻ ነው። ወጡ ሳይንተከተክ፣ ሳይናወጥ፣ ከጧት እስከ ማታ ይበስላል። በእኛ አገር ለዚህ የሚመሳሰለው ረመጥ ነው። የሸክላ ድስት አፉን በሊጥ አሽገው በረመጥ ላይ ያሳደሩት እንደ ሆነ ከመስኮብ ምድጃ አያንስም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ደግሞ በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ይተወው።

ዳግመኛም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ውሃ በእኛ ዘንድ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በቆላማዎቹ በሩስያ ከተሞች ለተጻፈ የማብሰያ ሰዓት መታመን አይገባም። መጽሐፉ ለሥጋው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል እኛ ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች ራሰ የሚባል ሥጋ አላገኘንም።

ሥጋውን ስለ መምረጥም ጥቂት እንበል። ልኳንዳው ታላቅ እንግዳ እንዳለብን በሰማ ጊዜ ሽንጥ ሊመዝንልን ፈለገ፤ ብዙ የከበሩ ሰዎችም ለክብር የሚሆነው ሽንጥ ነው ይላሉ። ሽንጥ ለጥብስና ለቍርጥ የተፈጠረ ነው፤ በመረቅ ውስጥ ብዙ ሰዓት ቢፈላ እንደ እንጨት ይደርቃል። ለሽቺ የሚሆነው ፍሪምባ ነው፤ ጅማትና ስብ ያለበት፣ ከአጥንቱ ያልተለየ። ጅማቱ በዝግታ ሲበስል ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፣ ከንፈርም ያጣብቃል። ከእርሱ ጋራ አንድ ቅልጥም ያስፈልጋል።

የሦስተኛው ጊዜ አሠራራችን፣ ለስምንት ሰው የሚበቃ፣ እንደሚከተለው ነበረ። አንድ ኪሎ ተኩል ፍሪምባና አንድ የተሰበረ ቅልጥም በ3 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጣድን። ውሃው ሊፈላ ሲል የሚወጣውን አረፋ በጭልፋ ገፈን፣ እሳቱን አሳንሰን፣ አንድ ሙሉ ሽንኵርት ጨምረን ተውነው። ጨው አላደረግንም፤ ጐመኑ ጨው አለውና። መረቁ እየበሰለ ሳለ በሌላ ድስት ሁለት ማንኪያ ለጋ ቅቤ አቅልጠን 700 ግራም የኰመጠጠ ጐመን ጨመርንበት። (የተነጠረና ቅመም የገባበት የወጥ ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም፤ ኰረሪማው ሁሉን ያሸንፋል።) አንድ ጭልፋ መረቅ አፍስሰን ክዳኑን ከድነን በዝግታ አንድ ሰዓት ያህል አበሰልነው፤ ጐመኑ ለስልሶ ወደ ቡናማነት ሲለወጥ ኰምጣጣው ይለዝባል፣ ውስጡ ያለው ጣፋጭነትም ይወጣል። የሽቺ ምሥጢር ይህ ነው ብንል አላጋነንም። ሁለት የተከተፈ ሽንኵርትና ሁለት ካሮት ደግሞ ለብቻ በቅቤ ቁላት ብጤ ካደረግናቸው በኋላ አንድ ማንኪያ ዱቄት በተንባቸው።

ሥጋው ሲርስ አውጥተን በጕርሻ መጠን ቈረጥነው፤ መረቁንም አጠለልን። ወደ መረቁ መጀመሪያ የገባው ድንቹ ነው፤ ሦስት ድንች በትልቁ ተቈርጦ እስኪበስል ድረስ ሌላ ምንም አልጨመርንም። ከዚያ ጐመኑ፣ ሽንኵርቱና ካሮቱ፣ ሥጋው፣ አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ በባዕድ ስሙ ሎሬል የሚባለው ሁለት ደረቅ ቅጠል ገቡ። ግማሽ ሰዓት በዝግታ ከቈየ በኋላ ቅጠሉን አወጣን፤ ቢቀር መራራነት ያመጣል። በመጨረሻ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኵርት ጨቅጭቀን ጨመርን፤ እሳቱን አጥፍተን ድስቱን በፎጣ ጠቅልለን ጥቂት ሰዓት ተውነው፤ ሲበርድም ወደ ማቀዝቀዣ አስገብተን አሳደርነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ቅዳሜ ነው። ማግሥቱ እሑድ ቅበላ ነበረ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሥጋ የለም። ባይሆንልን ኖሮ አራተኛ ጊዜ የምንሞክርበት ቀን አልቀረንም ነበርና በቤቱ ውስጥ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገር ነበር።

አቀራረቡም የራሱ ሥርዓት አለው። መስኮቦች ስሜታና የሚሉትን የኰመጠጠ ስልባቦት በየሳሕኑ ላይ አንድ ማንኪያ ያደርጉበታል። እኛ ወፍራም ስልባቦት ከአንድ ማንኪያ እርጎ ጋራ ለውሰን ሌሊቱን ከምድጃው አጠገብ አሳደርነው፤ ያንኑ መሰለ። ይህን በድስት ውስጥ አታፍሉት፤ ይቈራረጣል። ከላይ ፐርሰሜሎ የተባለው ቅጠል ተከትፎ ይነሰነሳል። ከእርሱ ጋራ የሚበላው ራይ ከሚባለው እህል የሚጋገር ጥቁር ዳቦ ነው፤ ያንን ስላላገኘን የገብስ ዳቦ አቀረብን፤ ነውር የለውም።

አጎታችን ወንበራቸውን ወደ ገበታው ጠጋ አደረጉ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ከቀመሱ በኋላ ምንም አልተናገሩም። ሁለተኛውን ደገሙ፤ ሦስተኛውንም። ሥጋውን በዳቦው እየያዙ በሉት፤ ቅልጥሙንም መቱት። ሳሕኑ ባዶ በሆነ ጊዜ የቤታችን እመቤት ሳትጠይቅ ጨመረችላቸው፤ እርሳቸውም ሳይመልሱ በሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ከተማ ክረምት፣ ኔቫ የተባለው ወንዝ ረግቶ ሰው በላዩ ስለ መሄዱ፣ ያችም አሮጊት ከሳ ላለ ተማሪ ሁሉ ከድስቱ ሥር ጠልቃ ሥጋ ስለ መቅዳቷ ብዙ አጫወቱን። ባለቤታቸውንም በስማቸው ጠርተው አነሡ፤ ካረፉ ጀምሮ ይህን ሲያደርጉ አልሰማንም ነበር። ለእርሳቸው ይህን ወጥ ለመሥራት አንድ ጊዜ ሞክረው እንደ ነበረ፣ ያን ጊዜ ግን የኰመጠጠ ጐመን እንዳላገኙ ነገሩን።

በመጨረሻም ሲነሡ «ካሮቱ በዝቷል፤ አሮጊቷ ካሮት እንዲህ አታበዛም ነበር» አሉ።

ጐመኑ ገና በሸክላው ውስጥ ተርፎ ነበር። መስኮቦችም እንደ እኛ ዓቢይ ጾምን የሚጾሙ ክርስቲያኖች ስለ ሆኑ የጾም ሽቺ አላቸው፤ በሥጋው ፈንታ የደረቀ እንጕዳይ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው፣ የተዘፈዘፈበትንም ውሃ ሳይደፉ በጨርቅ አጥልለው ለመረቅ ያደርጉታል፤ በቅቤው ፈንታ ዘይት፣ ስሜታናውም ይቀራል። የቀረው አሠራር ያው ነው፤ ጥቂት የተቀቀለ ባቄላ ቢጨመርበት ጕልበት ይሰጣል። ይህንን ለማክሰኞ ልንሠራ ስናዘጋጅ አጎታችን መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ ቢላዋውን ከወጥ ቤታችን እጅ ተቀብለው አንዱን ካሮት ወደ ጐን አደረጉና የቀረውን ተቀምጠው ራሳቸው ከተፉ።